ግንድ ወርዋሪዎቹ ጎረቤቶቻችን

ባለፈው እትም ትልቋ ልጄ በስኮትላንዶች የባግፓይፕ (ከረጢትና ቧንቧ ያለው የትንፋሽ መሣሪያ) ባንድ ውስጥ ከበሮ እንደምትመታ እግረ መንገዴን ጠቅሼ ነበር። ለአንዲት መስመር ይህን ያህል ደብዳቤ ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም። የኢሚግሬሽንና የቤት ብድር ጥያቄዎቻችሁ ለሚቀጥለው ወር ይቆዩ። ዛሬ ሃይላንድ ጌምስ ስለሚባለው የስኮትላንዶች የውድድር በዓል ብቻ እንጫወት። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው ሻርሎት ነው። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሽማግሌ ጁላይ ላይ ግራንድፋዘር ማውንቴን የሚባል ተራራ ላይ የስኮትላንዶች በዓል አለ፣ ይዤህ ልሂድ ብሎኛል። ሰውየው እዚሁ ኖርዝ ካሮላይና ነው የተወለደው። አባቱም፣ አያቱም እዚሁ። ስኮትላንድን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ታዲያ ምኑን ነው የሚያከብረው? እኔስ እዚያ ሄጄ ምን እሠራለሁ? — አ. ከሻርሎት

መልስ፦ ሂድ እንጂ! ሰው “የኔ ነው” የሚለውን ነገር ላሳይህ ሲል እምቢ አይባልም።

ሃይላንድ ጌምስ ሦስት ነገር በአንድ ሜዳ ላይ ማለት ነው። ከባድ ነገር ይወረወራል፣ ባግፓይፕ ይነፋል፣ ይጨፈራል። ሦስቱም ውድድር ናቸው። ሦስቱም ዳኛ አላቸው። የተቀረው ድንኳን፣ ምግብና ወሬ ነው።

ባልደረባህ ስኮትላንድን አለማየቱ አይግረምህ። ከአርጋይል የተነሱ ስኮትላንዶች ኬፕ ፊር ወንዝ አካባቢ የሰፈሩት በ1739 ነው። አሜሪካ የምትባል አገር ገና አልነበረችም። የአንተ ሽማግሌ ቅድመ አያቶች ከእነሱ ጋር ይምጡ ከነሱ በኋላ፣ ብቻ እሱ ራሱ ይነግርሃል። እዚያ ሜዳ ላይ የዘር ሐረጉን የማይቆጥር ሰው የለም።

በዓሉ ግን የዚያን ያህል ዕድሜ የለውም። የተጀመረው በ1956 ነው። የጠነሰሱት አግነስ ማክሬ ሞርተን የምትባል ሴትና ዶናልድ ማክዶናልድ የሚባል የአንተው ከተማ ጋዜጠኛ ናቸው። ሜዳው እስከ ዛሬ በእሷ ቤተሰብ ስም ነው የሚጠራው። እሱ ደግሞ ስኮትላንድ ሄዶ ታዋቂውን የብሬማርን ውድድር አይቶ ስለነበር እዚህም በዚያው መልክ እናድርገው አለ። የመጀመሪያውን ቀን ኦገስት 19 አደረጉት። በ1745 በዚያች ቀን ልዑል ቻርልስ ኤድዋርድ ስቱዋርት ስኮትላንድ ውስጥ ግሌንፊናን ላይ ባንዲራውን ተክሎ የብሪታንያን ዘውድ ለአባቱ ለማስገኘት ተነስቷል። ዘመቻው በሽንፈት ነው ያለቀው። የተሸነፉበትን ነገር የተጀመረበትን ቀን መርጠው ማክበራቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል። አሁን ወደ ጁላይ ዞሯል።

ከተቻለ ሐሙስ ማታውን እንዳያመልጥህ። ሲመሽ የየጎሳው ተወካይ ችቦ ይዞ ይወጣና የቤተሰቡን ስም እየጠራ “መጥተናል” ይላል። በዚያው ምሽት 8 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት የሚሮጥበት “ድቡ” የሚባል ውድድርም አለ። ሯጭ ከሆንክ ጫማህን ያዝ።

ቀን ቀን በጎሳ ድንኳኖቹ መካከል ዞር ዞር በል። በየድንኳኑ ጠረጴዛ፣ ካርታና ወፍራም የስም መዝገብ አለ። የቤተሰብ ስምህን ይጠይቁሃል። እኔ እዚህ ካሊፎርኒያ አንድ ድንኳን ውስጥ የአባቴን ስም ብነግራት፣ ሴትዮዋ መነጽሯን አድርጋ መዝገቡን በጣቷ ከላይ እስከ ታች ወረደችበት። ከምሯ ነው። አጥታ ቀና አለችና “ይሄኛው ላይ የለም፤ ብስኩት ግን አለ” ብላ ሳህኑን ገፋችልኝ። እንግዳነቴ እዚያው አለቀ።

ኪልት የሚባለውን የወንዶቹን ባለመስመር ጉርድ መልበስ አይጠበቅብህም። ሜዳው ከባሕር ጠለል ከ1,200 ሜትር በላይ ነው፤ ጭጋጉም ዝናቡም ሳይነግርህ ይመጣል። ሹራብ፣ የዝናብ ልብስና ታጣፊ ወንበር ያዝ። ጥቁር ሰው በብዛት እንዳትጠብቅ ደግሞ ከወዲሁ ልንገርህ። ያም ሆኖ ዓይን ያፈጠጠብኝ ሰው አላጋጠመኝም። ያጋጠመኝ የሚያስረዳ ሰው ነው፣ ያውም የማያቆም።

ጥያቄ፦ ያንን የስልክ እንጨት የሚያክል ግንድ ሲወረውሩ ቪዲዮ ላይ አየሁ። አንዱ በጣም አርቆ ጣለው፣ ሌላው ቅርብ ላይ ጣለና አሸነፈ ተባለ። ዳኛው ጉቦ በልቷል? — ቢ. ከዳላስ

መልስ፦ ዳኛው ንጹሕ ነው። ርቀት አይለካም። የሚለካው ቀጥታነት ነው።

ግንዱ ኬበር ይባላል። አንድ ወጥ መለኪያ የለውም። አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 6 ሜትር ይረዝማል፤ ከባዱ 80 ኪሎ ይደርሳል። አንዱ ጫፍ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን ነው። ረዳቶች ቀጭኑን ጫፍ ወደ ታች አድርገው ያቆሙለታል። ተወዳዳሪው ቁጢጥ ብሎ ግንዱን ትከሻው ላይ ያስደግፋል፣ ጣቶቹን ቆላልፎ መዳፉን ከሥሩ ያስገባል፣ ከዚያ ብድግ! ጉዱ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው። ሚዛኑ ከላይ፣ ሰውየው ከታች። ግንዱ ወደ ጎን ካዘነበለ ሰውየው እየተከተለ ይሮጣል፣ ዳኛውም ነፍሱን ለማዳን ይሮጣል።

ከተረጋጋለት ወደፊት ሮጥ ሮጥ ይልና ድንገት ይቆማል። ግንዱ መውደቅ ሲጀምር እጁን ወደ ላይ ይመነጭቃል። ወፍራሙ ጫፍ መሬት ይመታል፤ የያዘው ቀጭኑ ጫፍ አየር ላይ ተገልብጦ ወደ ማዶ ይወድቃል። ዳኛው ከኋላ ቆሞ ሜዳውን በግድግዳ ሰዓት ነው የሚያነበው። ተወዳዳሪው 6 ቁጥር ላይ አለ እንበል። ግንዱ ተገልብጦ ጫፉ ልክ 12 ቁጥር ላይ ካመለከተ ፍጹም ነው። 11 ወይም 1 ላይ ከሆነ ያንሳል። ጭራሽ ካልተገለበጠ በስንት ዲግሪ እንደቆመ ብቻ ይያዝለታል። አንተ ያየኸው አርቆ የጣለው ሰውዬ ምናልባት 2 ቁጥር ላይ ጥሎት ይሆናል።

እውነቱን ለመናገር ኬበሩ የፎቶ ነገር ነው። እኔ የምወደው ሌላ ነው። 56 ፓውንድ፣ ማለትም 25 ኪሎ ከምናምን የሚመዝን ብረት ቀለበት ተደርጎለት፣ በአንድ እጅ ብቻ ተይዞ በአግዳሚ ዘንግ በላይ ይወረወራል። ሰውየው ለዘንጉ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል። ብረቱን በእግሮቹ መካከል አንዴ ሁለቴ ያወዛውዝና ቀጥ አድርጎ ወደ ሰማይ ይለቀዋል። ከዚያ ቀና ብሎ እያየ ዞር ማለት ነው፤ የሄደው ብረት ይመለሳላ! ጎበዞቹ ከ5 ሜትር በላይ ያሳልፉታል። ክብደቱ ከየት መጣ ብትል፣ ድሮ እህል ሲመዘን የነበረበት የሚዛን ድንጋይ ነው።

መዶሻው ደግሞ የኦሊምፒኩን አይመስልም። እጀታው ሽቦ ሳይሆን ረጅም እንጨት ነው። ተወዳዳሪው እግሩን አያዞርም። ከጫማው ፊት የወጣ ስለት መሬት ውስጥ ሰክቶ፣ መዶሻውን በራሱ ዙሪያ አሽከርክሮ ወደ ኋላው ይለቃል። ሴቶችም ይወዳደራሉ፣ በቀለል ያለ ክብደት። ቀለል ያለ ስል ለእነሱ እንጂ ለእኔ አይደለም።

አሜሪካ ውስጥ ይህ ነገር ድሮ ትልቅ የገንዘብ ስፖርት እንደነበር ብዙ ሰው አያውቅም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የካሌዶኒያን ክለቦች የሚባሉ የስኮትላንዶች ማኅበራት በየከተማው ውድድር ያዘጋጁ ነበር። የሳንፍራንሲስኮው ክለብ የተመሠረተው በ1866 ነው፣ እስከ ዛሬም አለ። ዶናልድ ዲኒ የሚባለው የዘመኑ ጉልበተኛ ከስኮትላንድ መጥቶ በነዚህ ሜዳዎች እየዞረ ሽልማቱን ሰብስቦ ተመልሷል። የአሜሪካ ኮሌጆች አትሌቲክስ ሲጀምሩም መዶሻውንና ድንጋይ ውርወራውን ያዩት ከነዚሁ ሰዎች ነው።

ጥያቄ፦ ጋሽዬ፣ ልጄ 11 ዓመቷ ነው። የሆነ ሰልፍ ላይ ባግፓይፕ ሲነፉ አይታ “እኔም እማራለሁ” ብላ ይዛኛለች። አፓርትማ ነው የምንኖረው፣ ጎረቤት ሊያስወጣን ነው። ደግሞስ እኛ ከስኮትላንድ ጋር ምን አገናኘን? — እናት ከሳክራሜንቶ

መልስ፦ እህቴ፣ የጎረቤቱን ስጋት ለአንድ ዓመት ያህል አቆዪው። ባግፓይፕ የሚማር ሰው ባግፓይፕ አይነካም። መጀመሪያ የሚሰጠው የልምምድ ቻንተር የምትባል ቀጭን ዋሽንት ነገር ናት። ድምፅዋ ትንሽ ነው፣ በር ዘግታ ብትነፋ ጎረቤት አይሰማም። አንቺ ትሰሚያለሽ። ዋጋዋ ከ100 ዶላር አካባቢ ይጀምራል። ሙሉው ባግፓይፕ ግን ደህና ከሆነ ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። ኢንተርኔት ላይ በርካሽ የሚሸጠውን እንዳትገዢ፤ አብዛኛው ግድግዳ ላይ ለመስቀል እንጂ ለመንፋት አይሆንም። ይልቅ በአቅራቢያሽ ያለ ባንድ ፈልጊ። ብዙዎቹ ጀማሪን በነፃ ያስተምራሉ፣ መሣሪያም ያውሳሉ። ልጅ ካልመጣ ባንዱ እንደሚያረጅ ያውቁታል።

መሣሪያው ቀላል ይመስላል። ዘጠኝ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ችግሩ ከተነፋ አይቆምም። በሁለት ድምፆች መካከል ዝም ማለት የለም፣ ቀስ ማለት የለም፣ ጮክ ማለትም የለም። ታዲያ አንድ ዓይነት ድምፅ ሁለቴ መጫወት ቢያስፈልግስ? በመካከሉ ዓይን ጨፍኖ እስኪገልጥ የማትቆይ ሌላ ድምፅ ይወረውራሉ። የልጅሽ ጣቶች ያን ዓመት ሙሉ የሚለማመዱት እሷን ነው። ከዚያ በኋላ ነው ከረጢቱ የሚመጣው። በአፍ እየነፉ፣ በክንድ እየተጫኑ፣ ትከሻ ላይ የተጋደሙትን ሦስት ቧንቧዎች አንድ ድምፅ ላይ ማቆየት። መጀመሪያ ሰሞን ልጆቹ ፊታቸው ቲማቲም ይሆናል።

የኔዋ ይህን ሁሉ አይታ ከበሮውን መረጠች። ቴነር ከበሮ ይባላል። መምቻዎቹ ጫፋቸው ድቡልቡል ነው፤ በክር ከጣት ጋር ይታሰራሉ። እየመቱ በአየር ላይ ያሽከረክሯቸዋል፣ ሁሉም እኩል። ቤታችን ውስጥ የአምፖል መሸፈኛ ተርፏል ብልሽ ውሸት ነው።

ውድድሩ የሚያልቀው ሜዳ ላይ ሳይሆን ከሜዳው በፊት ዛፍ ሥር ነው ባይ ነኝ። እኛ የምንሄደው ፕሌዘንተን ነው፤ የሳንፍራንሲስኮው ክለብ ጌምሱን በሌበር ዴይ ሰሞን እዚያ ያካሂዳል። ፀሐይዋ አትቻልም። አንድ ኪልት ሰባት ሜትር ያህል የሱፍ ጨርቅ ይፈጃል፣ ልጆቹ እሱን ታጥቀው ነው የሚቆሙት። ሙቀት ደግሞ የባግፓይፕን ድምፅ ወደ ላይ ይወስደዋል። ስለዚህ የባንዱ መሪ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረ ጆሮውን ቧንቧው ሥር ደቅኖ ያዳምጣል፣ ቧንቧውን በጥቂቱ ሳብ ወይም ገፋ ያደርጋል። ጣት የሚጫወትበት ቧንቧ፣ ቻንተሩ ላይ ደግሞ ቀዳዳዎቹን በጥቁር ፕላስተር ጥቂት ይሸፍናል። ፕላስተሩን የጥፍር ስፋት ወደ ታች ሲያወርደው ድምፁ ሲለወጥ እኔ እንኳ እሰማለሁ። አሥራ ምናምን ሰው እንዲህ ይስተካከላል። ሲጨርሱ ፀሐይዋ ዛፉን ታልፋለች፣ ጥላው ይሄዳል፣ እንደገና ከመጀመሪያው!

ሜዳ ሲገቡ እየተራመዱ ይጀምሩና ክብ ሠርተው ይቆማሉ። ዳኞቹ ሰሌዳ ይዘው ከውጭ ይዞሯቸዋል። አንድ ወይም ሁለት ለባግፓይፑ፣ አንዱ ለከበሮው፣ አንዱ ለጠቅላላ ስምምነቱ። ሁሉም የሚጠብቀው የመጀመሪያዋን ሰከንድ ነው። የሁሉም ከረጢት እኩል መነሳት አለበት። አንድ ቧንቧ ቀድማ “ኧ” ካለች ወላጅ ሁሉ ዓይኑን ይጨፍናል። በመጨረሻ ዳኞቹ የጻፉት ወረቀት ለባንዱ ይሰጣል፤ ልጆቹ አይስክሬም እየላሱ ያነቡታል። ባንዶች ከ5ኛ ደረጃ ጀምረው ወደ 1ኛ ነው የሚወጡት። ልጅሽ ከ5ኛ ትጀምራለች፤ 5ኛ ላይ ደግሞ የሚስቅ የለም።

ምን አገናኘን ላልሽው፣ ሰዎች ልጄን እየደጋገሙ ይጠይቋታል። “ስኮትላንዳዊ ዘር አለሽ?” ሲሏት “የለኝም፤ ከበሮ መቺ ጎድሏቸው ነበር” ትላለች። እኔ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአዘጋጁ። እኔ የታሪክ መምህር ነበርኩ። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ታርታን (ባለመስመር የሱፍ ጨርቅ) አለው የሚባለው ነገር በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጣ ፋሽን እንደሆነ አንብቤያለሁ። ቋንቋቸውን ረስተው ጨርቁን ለብሰው መዞራቸው ማስመሰል አይደለምን? የእኛ ልጆችስ ነገ ከባሕላቸው ልብሱን ብቻ ይዘው ሊቀሩ አይደለምን? — ጡረተኛ መምህር ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ መምህር፣ ስለ ጨርቁ ልክ ነዎት። ባለመስመሩ ጨርቅ ራሱ የቆየ ነው። “ይህ የእገሌ ቤተሰብ ብቻ ነው” የሚለው ግን አብዛኛው የኋላ ነገር ነው። በ1746 የስኮትላንድ ደጋ (ሃይላንድ) ሰዎች ቀደም ብዬ ባነሳሁት የልዑሉ ዘመቻ ኩሎደን ላይ ከተሸነፉ በኋላ የብሪታንያ መንግሥት ኪልትና ታርታን የለበሰ ወንድ ይታሰር ብሎ አወጀ። ከሕጉ ነፃ የነበሩት የንጉሡ ወታደሮች ናቸው። ባግፓይፕም ተከልክሎ ነበር እየተባለ በየድንኳኑ ይወራል፤ በአዋጁ ላይ ግን ስሙ የለም። ሕጉ በ1782 ተሻረ። ከዚያ በ1822 ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ኤድንብራን ሲጎበኝ ደራሲው ዋልተር ስኮት አቀባበሉን በታርታን አጥለቀለቀው፣ ንጉሡ ራሱ ኪልት ታጠቀ። ትናንት ያሳስር የነበረው ልብስ የቤተ መንግሥት ልብስ ሆነ። ንግሥት ቪክቶሪያም በ1848 ብሬማር ሄዳ ውድድሩን ስታይ ነገሩ ተደላደለ።

በዚሁ ዘመን ደግሞ ባለርስቶቹ ጭሰኛውን ከደጋው እያስለቀቁ በግ ያረቡበት ነበር። ለንጉሥ ኪልት ሲሰፋ፣ ኪልት ለባሹ መርከብ ላይ ነበር። ይህን የሚያውቅ ሰው አሜሪካ ውስጥ ታርታን የለበሰ ሽማግሌ ሲያይ ለመሳቅ ይቸግረዋል።

ማስመሰል የሚለውን ቃል ግን አልቀበልዎትም። ካሮላይና ውስጥ የደጋውን ሰዎች ቋንቋ፣ ጌሊክን፣ የሚናገር ማኅበረሰብ በ1956 አልነበረም። በዓሉን የጀመሩት ቋንቋው እየጠፋ ከሄደ በኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው። ከእናት አባታቸው የተቀበሉት ስምና ወሬ ብቻ ነበር። የተረፈውን ሄደው፣ አይተው፣ ተምረው ነው ያመጡት። አንዲት ልጅ መሬት ላይ መስቀልኛ በተጋደሙ ሁለት ሰይፎች መካከል ስትጨፍር አይተው ያውቁ እንደሆነ አላውቅም። ሰይፉን ከቦታው ካንቀሳቀሰችው ከውድድሩ ትወጣለች። ያቺ ልጅ ከአምስት ዓመቷ ጀምራ በሳምንት ሁለቴ ትለማመዳለች። እንዲህ ያለውን ልፋት ማስመሰል ማለት ይከብደኛል።

በሰሜን በኩል፣ ካናዳ ውስጥ ባለችው ኖቫ ስኮሺያ ነገሩ ሌላ ነው። “ሄክተር” የምትባለው መርከብ በ1773 ወደ 200 የሚጠጉ ሰዎችን ፒክቱ ላይ አራግፋለች። ኬፕ ብሬተን ላይ ዛሬም ጌሊክ የሚናገሩ አሉ። ሴንት አንስ ላይ ከ1938 ጀምሮ ቋንቋውና ሙዚቃው የሚሰጥበት ኮሌጅ አለ። አንቲጎኒሽ ደግሞ ጌምሷን የጀመረችው በ1863 ነው። እዚያም ቢሆን ከቋንቋው ይልቅ ጠንክሮ የቆየው ባግፓይፑና ጭፈራው ነው። ምክንያቱ የኔ ግምት ነው፣ ሊከራከሩኝ ይችላሉ። ሙዚቃው ደረጃ አለው፣ ዳኛ አለው፣ በየበጋው ቀጠሮ አለው። ልጁ ክረምቱን ሙሉ የሚለማመድበት ምክንያት ያገኛል። ቋንቋውን ግን “አያትህ ይናገሩት ነበር” ብቻ እያሉ አቆዩት።

የእኛን ካነሱ አይቀር፣ በየዓመቱ ጁላይ መግቢያ ላይ የሚደረገው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር ከ1984 ጀምሮ እየተካሄደ ነው። ትልቅ ነገር ነው፤ አለመሄድ አልችልም። ግን ልጆቼን ወስጄ ስመለስ ያደረጉት ነገር ቢኖር መብላትና ዘመድ ሰላም ማለት ነው። ከሜዳው አጠገብ ልጆች አማርኛ የሚያነቡበት፣ ክራር የሚገርፉበት፣ ዳኛ ወረቀት ጽፎ የሚሰጥበት አንዲት ድንኳን ብትኖር ደስታዬ ነበር። ዳኛ ማን ይሁን ቢሉኝ ደግሞ እርስዎን ነው የምጠቁመው፤ ከአሁኑ ይዘጋጁ።

ጥያቄ፦ ሃጊስ የሚባለውን ልብላ ወይስ ልለፈው? — ዮ. ከደንቨር

መልስ፦ ዱለት የምትወድ ከሆነ አትፍራው። የበግ ልብና ጉበት ከአጃ፣ ከሽንኩርትና ከሞራ ጋር ተፈጭቶ ነው የሚሠራው። በስኮትላንዱ ውስጥ ሳንባም አለ፤ አሜሪካ ግን ሳንባ ለምግብነት እንዳይሸጥ ከ1971 ጀምሮ ከልክላለች። ስለዚህ እዚህ የምታገኘው ሳንባ የሌለው ነው። ቃሪያ የለውም፣ በርበሬ የለውም፣ ቁንዶ በርበሬ ግን አይጠፋውም። ትንሽ ሚጥሚጣ በኪስ ይዞ መሄድ ነውር የለውም፣ እኔም እይዛለሁ። ከላዩ አይረን ብሩ የሚባለውን ብርቱካናማ ለስላሳ ጠጣበት፤ ጣዕሙ ማስቲካ ማስቲካ ይላል። ዓርብ ከሆነ ግን ያለህ የተጠበሰ ድንች ብቻ ነው፣ እሱንም በምን ዘይት እንደጠበሱት ጠይቅ።